ሰበብ አልባዋ ኳስ

ፊዚክስ የሚማር ልጅ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «ህዋ ይጎብጣል ትሉናላችሁ፤ ግን ወደ ምን ውስጥ ነው የሚጎብጠው?» ይላል። ብዙ መምህር ጥያቄውን የሚሸኘው በላስቲክ ጨርቅ ነው። ጨርቁን ይወጥራል፣ መሀሉ ላይ ከባድ ነገር ያስቀምጣል፣ ጨርቁ ሲረግብ ብይ ይለቅበታል፣ ብይዋ ስትዞር ክፍሉ ይደነቃል። ጎበዝ ተማሪ ግን በዚህ አይሸነገልም። ጨርቁን ወደ ታች የጎተተው ያው የምድር ስበት ነው፤ ስበትን ለማስረዳት ስበትን መበደር ምን የሚሉት ሂሳብ ነው? እኔም ከተማሪው ጋር ነኝ። ያ ጨርቅ ከነጭራሹ ከክፍል ቢወጣ የሚጎድልብን ነገር ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጥያቄ ጠለቅ ይላል፦ «ከህዋ ውጭ ቆሞ የሚያይ ከሌለ፣ መጉበጡን ውስጡ ሆናችሁ በምን አወቃችሁ?» ሦስተኛው ደግሞ መምህሩን ላብ የሚያስጠምቅ ነው፦ «እሺ፣ በመሣሪያ ለካችሁ እንበል። የተንሻፈፈው ህዋው እንጂ መሣሪያችሁ አለመሆኑን ማን ነገራችሁ?»

ለዚህ ለሦስተኛው ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ሁሉ እኔ የምወደው በወርክሾፕ የተሠራውን ነው። የድሮ የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ የምታህል፣ 38 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያላት የኳርትዝ ኳስ ነች። አራት እህትማማች ሆነው ግራቪቲ ፕሮብ ቢ በተባለ ሳተላይት ሆድ ውስጥ ተቀምጠው፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2004 ከካሊፎርኒያው ቫንደንበርግ የአየር ኃይል ሰፈር በዴልታ 2 ሮኬት ወደ ሰማይ ወጡ (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሥራቸው በምድር ዙሪያ እየተሽከረከሩ አቅጣጫቸውን መጠበቅ ብቻ ነበር። እነሱ ምንም ሳያደርጉ አቅጣጫቸው ከተለወጠ፣ የለወጠው ህዋው ነው ማለት ነው።

ወደ ኳሷ ከመግባቴ በፊት ለሁለተኛው ጥያቄ ወረቀትና መቀስ ላቅርብ። ወረቀት ላይ ሰፊ ክብ ሥሩ። በክቡ ጠርዝ ዙሪያውን ትናንሽ ቀስቶች ሳሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ለምሳሌ ወደ መስኮቱ ያመልክቱ። አሁን ከመሀሉ ተነስታችሁ እስከ ጠርዙ አንድ ቀጭን ቁራጭ ቆርጣችሁ አውጡና የቀሩትን ሁለት ጫፎች አጋጥሙ። ወረቀቱ ሾጣጣ ቆብ ይሆናል። መጋጠሚያው ግራና ቀኝ ያሉትን ቀስቶች ብታዩ አቅጣጫቸው አይገጥምም፤ ልዩነታቸው ልክ ቆርጣችሁ የጣላችሁትን ቁራጭ ያህል ነው። ቀስቶቹን ማንም አልነካቸውም። በጠርዙ ላይ የምትሄድ ጉንዳን ቀስቷን ሳታወላግድ ይዛ ዞራ ብትመለስ፣ ከተነሳችበት አቅጣጫ ዘንበል ብሎ ታገኘዋለች። ይህን ለማወቅ ከወረቀቱ ላይ ወርዳ ከሩቅ ማየት አላስፈለጋትም፤ ቆቡ በምን ውስጥ እንዳለም ማወቅ አያስፈልጋትም። የመጀመሪያው ጥያቄ እዚሁ ላይ ይሟሟል። መጉበጥ ማለት ዙሪያው ከሚገባው ልክ ማነስ ነው፤ ማነሱ ደግሞ ውስጥ ሆኖ ይለካል።

በምድር ዙሪያ የጎደለው ቁራጭ ምን ያህል ነው? ሳተላይቱ የዞረው 642 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ነው። የዚያ ምህዋር ዙሪያ 44,000 ኪሎሜትር ገደማ ይሆናል። ምድር በክብደቷ ህዋውን ባታጎብጠው ኖሮ ሊኖረው ከሚገባው ልክ የሚያንሰው በ28 ሚሊሜትር ነው። ከ44,000 ኪሎሜትር ላይ አንድ አውራ ጣት የማትሞላ ጉድለት! ቀስቱን በዓመት ውስጥ ከ5,000 ጊዜ በላይ ዙሪያውን ስታዞሩት ግን ጉድለቷ እየተጠራቀመች ትሄዳለች። የምህዋሩ ጉድለት የሚያመጣው ዘንበል ማለት ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል፤ ሲሶው የሚመጣው ከቀስቱ ጉዞና ከምድር ስበት መስተጋብር ነው። ሲደመር በዓመት 6.606 የማዕዘን ሰከንድ ይሆናል፤ አንድ ዲግሪ 3,600 ሰከንድ መሆኑን አንርሳ። በዚህ ፍጥነት ቀስቱ ሙሉ ዙር ለመዞር 196,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ይህን የሆላንዱ ሰው ዊለም ደ ሲተር በ1916፣ የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ ቀለሙ ሳይደርቅ ነበር ያሰላው። ሁለተኛው ውጤት ደግሞ የባሰ ነው። በ1918 ዮዜፍ ሌንዘና ሃንስ ቲሪንግ እንዳሳዩት፣ ምድር ስትሽከረከር ዙሪያዋን ያለውን ህዋና ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይዛ ታዞረዋለች። በዚህ የተነሳ ቀስቱ በዓመት የሚዞረው 0.0392 ሰከንድ ብቻ ነው። ሙሉ ዙር ለመዞር 33 ሚሊዮን ዓመት።

እንግዲህ የሦስተኛው ጥያቄ ክብደት እዚህ ላይ ነው። በዓመት 0.0392 ሰከንድ የሚያዘነብል ነገር ለመለካት የተነሳ ሰው፣ ኳሱን ሊያዘነብሉ የሚችሉ ሌሎች ሰበቦችን ሁሉ ከዚያ ያነሱ ማድረግ አለበት። ኳሱ ትንሽ ሞላላ ከሆነ የያዘው ኃይል ይጠመዝዘዋል። አንድ ጎኑ በጥቂቱ ከከበደ ስበት ይጎትተዋል። አየር ካለ ይዳስሰዋል። የምድር መግነጢስ ካለ ልኬቱን ያበላሻል። ሙቀት ካለ መሣሪያው ይለጠጣል። የስታንፎርዱ ሊዮናርድ ሺፍና በፔንታገን የሚሠራው ጆርጅ ፒው ሐሳቡን ተራርቀው፣ ሳይገናኙ፣ ወደ 1960 ግድም ነበር ያፈለቁት። ሺፍ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ፣ ከዊልያም ፌርባንክና ከሮበርት ካነን ጋር ነገሩን የመከረበት ቦታ የዩኒቨርሲቲው መዋኛ ገንዳ እንደሆነ ይነገራል። ሐሳቡ ያን ያህል ቀላል ነው፤ በፎጣ ተጠቅልለው ሊያወሩት የሚችሉት። ለማስወንጨፍ ግን ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ። ያ ሁሉ ዘመን ያለቀው አንድ በአንድ ሰበብ በመንቀል ነው።

ኳሷን እንያት። ጥሬ ዕቃዋ ከብራዚል የወጣ ኳርትዝ ነው፤ ጀርመን አገር በሄራየስ ቀልጦ ተጣርቶ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የውስጡ ልዩነት ከሚሊዮን ሁለት እጅ የማይበልጥ መስታወት ሆነ። ይህ ለክብደቷ ነው፤ የክብደቷ መሀል ከቅርጿ መሀል ጋር አንድ እንዲሆን። ከዚያ የሚቀረው ቅርጹ ነው፤ ጥበቡም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ክብ ነገር በቶርኖ ላይ ማውጣት የለመደ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፦ የሚዞር ነገር የተዞረበትን ዛቢያ ያስታውሳል። ዕቃው በአንድ መስመር ላይ ከዞረ፣ የዚያ መስመር ሁለት ጫፎች ከቀረው ይለያሉ። ለጎድጓዳ ሳህን ይህ ምንም አይደለም። ለዚች ኳስ ግን ሞት ነው፤ የተለየ አቅጣጫ ካላት የምትጠመዘዝበት እጀታ አላት ማለት ነውና። በሃንትስቪል፣ በማርሻል የህዋ በረራ ማዕከል ይሠራ የነበረው ቪልሄልም አንገለ ለዚህ ያበጀው ማሽን አራት ጽዋዎች አሉት። አራቱ ጽዋዎች ኳሷን ከአራት አቅጣጫ፣ እኩል ተራርቀው ይነኳታል። እያንዳንዱ በየራሱ ይዞራል፤ በመካከላቸው ደቃቅ የማለስለሻ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ይፈስሳል፤ የመዞሪያቸው አቅጣጫ በየጊዜው በቅደም ተከተል ይገለባበጣል። ኳሷ በዚህ መሀል ያለ ዛቢያ ትንከባለላለች። ለአንድ አቅጣጫ ያደላ ፍቀት የለም፤ የትኛውም ነጥብ ከሌላው የተለየ ዕጣ አይደርሰውም። እኔን የሚገርመኝ ማሽኑ በጉልበት «ክብ ሁኚ» የሚላት አለመሆኑ ነው። ማድላት ይከለከላል፤ ክብነት በራሱ ይመጣል።

ልኬቱም የራሱ ጣጣ ነበረው። ክብነትን የሚለካው የእንግሊዙ ታሊሮንድ መሣሪያ ቀጭን መርፌ በኳሷ ወገብ ላይ እያስዳሰሰ ይስላል። ነገር ግን የመሣሪያው ማዞሪያ ራሱ ከኳሷ የባሰ ይንሻፈፋል፤ የተንሻፈፈ ሰው ቀጥ ያለውን ሲለካ የራሱን ጉድለት ነው የሚያነበው። መፍትሔው ኳሷን እያገላበጡ በብዙ ወገቧ ደጋግሞ መለካት ሆነ። ከኳሷ ጋር የሚዞረው ጉድለት የኳሷ ነው፤ ሳይዞር በቦታው የሚቀረው የመሣሪያው። ሁለቱ ሲለያዩ እውነቱ ወጣ፦ ከፍጹም ሉል የምትለየው ከ40 አቶም በማይበልጥ ውፍረት፣ ማለትም ከ10 ናኖሜትር በታች። ኳሷን ምድር እስክታክል ብናሳድጋት ከተራራዋ ጫፍ እስከ ባሕሯ ወለል ያለው ልዩነት የአንድ ፎቅ ቤት ቁመት ያህል ብቻ ይሆናል።

አሁን ግን ጥሩ ተማሪ እጁን ማውጣት አለበት። ፍጹም ክብ፣ ፍጹም ለስላሳ፣ ምልክት የሌላት ኳስ ወዴት ዞራ እንደምትሽከረከር በምን ይታወቃል? ተራ ጋይሮስኮፕ ዘንግ አለው፤ ዘንጉ ያመለክታል። ይህች ዘንግ የላትም። ነጥብ ቢቀቡባት ያ ሁሉ ፍቀት ከንቱ ነው። እኔ ግራቪቲ ፕሮብ ቢን ካወቅሁ ጀምሮ ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚች ጥያቄ መልስ ነው፤ ከዚህ የረቀቀ ነገር በሳይንስ መሣሪያ ውስጥ አላየሁም።

ኳሷ ከ1.3 ማይክሮን በታች በሆነ ውፍረት ኒዮቢየም ለብሳለች። ኒዮቢየም ከዜሮ በታች ከ264 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፤ ኤሌክትሪክ ያለ ምንም መሰናክል ይተላለፍበታል። ፍሪትዝ ለንደን እንዳሳየው ደግሞ ሱፐርኮንዳክተር ሲሽከረከር በራሱ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ የዚያ መስክ አቅጣጫ ከመሽከርከሪያው ዛቢያ ጋር አንድ ነው። በግምት ሳይሆን በተፈጥሮ ሕግ አንድ ነው። ስለዚህ ኳሷ ምልክት አያስፈልጋትም። መሽከርከሯ ራሱ በማይታይ መስመር ዛቢያዋን ይናገራል። በዙሪያዋ የተዘረጋ ቀጭን የኒዮቢየም ጥምዝ ያንን መስክ ይቀበላል፤ ስኩዊድ የተባለው፣ እጅግ ንቁ የሆነው የመግነጢስ መለኪያ፣ ለውጡን ያነባል። ኳሷን የሚነካት ነገር የለም፤ መንካት የለም እንጂ መስማት አለ።

ማንሳቱም እንዲሁ ነው። ኳሷ በኳርትዝ ቤቷ ውስጥ በስድስት ኤሌክትሮዶች የኤሌክትሪክ ኃይል ተንሳፍፋ ትቀመጣለች፤ በእሷና በቤቷ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት 32 ማይክሮን ነው። ያን ያህል ጠቦ እንኳ አንድም ጊዜ ግድግዳውን መንካት የለባትም። እንድትሽከረከር በጎኗ ባለች ቦይ የሂሊየም ጋዝ ይነፋባታል፤ ፍጥነቷ ላይ ስትደርስ ጋዙ ተጠርጎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይገፋትም። አራቱ ኳሶች በሰከንድ ከ61 እስከ 82 ዙር ይሽከረከሩ ነበር። ባዶው ቦታ ያን ያህል ባዶ ስለነበረ፣ ቶሎ የሚደክመው እንኳ ፍጥነቱ በግልጽ ሲቀንስ ለማየት 7,000 ዓመት መጠበቅ ያስፈልግ ነበር።

ብርዱ የሚመጣው ኳሶቹን ከከበበው ግዙፍ ቴርሞስ ነው፤ 2,400 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ሂሊየም ይይዛል፤ ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ በ1.8 ዲግሪ ብቻ ይበልጣል። እዚህ ላይ የሠሪዎቹን ቁጠባ ልብ በሉ። ሂሊየም በዚያ ብርድ ጠባዩ ይለወጣል፤ በዕቃው ግድግዳ ላይ እየሳበ ይወጣል፤ ክብደት በማይሰማበት ህዋ ፈሳሹን አስቀርቶ ተኑን ብቻ ማስወጣት ከባድ ነው። ስታንፎርድ ውስጥ የተፈጠረው መፍትሔ ቀዳዳዎቹ በዓይን የማይታዩ ውታፍ ነው፤ ተኑ ያመልጣል፣ ፈሳሹ ይታሰራል። ያመለጠው ተን ደግሞ አይጣልም። ሳተላይቱን በየአቅጣጫው የሚያንቀሳቅሱት አሥራ ስድስት ቀዳዳዎች የሚተነፍሱት እሱኑ ነው። ከምድር በላይ በዚያ ከፍታም ቢሆን ሳስቶ የቀረ አየር አለ፤ የፀሐይ ብርሃንም ይገፋል። ስለዚህ ሳተላይቱ ከአራቱ ኳሶች አንዷን መሪ አድርጎ፣ በ32 ማይክሮን ክፍተት ውስጥ ሳይነካት እንዲከተላት ተደርጎ ተሠራ። ኳሷ በነጻ ትወድቃለች፤ ሦስት ቶን የሚመዝነው ሳተላይት እሷን እያሳደደ ዙሪያዋን ይዞራል። ማን ማንን እንደተሸከመ መናገር ይቸግራል።

የምድር መግነጢስ የተባረረው በእርሳስ ከረጢቶች ነው። አንድ የታጠፈ የእርሳስ ከረጢት ይቀዘቅዝና ይዘረጋል፤ ሲዘረጋ በውስጡ ያለው መስክ ይሳሳል። በእሱ ውስጥ ሌላ ይዘረጋል፣ በሌላው ውስጥ ሌላ። በመጨረሻ የቀረው ከምድር መስክ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ የደከመ ነው። እርሳስ፣ ብርድና ትዕግሥት፤ ሌላ የለውም።

አቅጣጫ የሚለካው ከአንድ ነገር አንጻር ስለሆነ፣ አይኤም ፔጋሲ የተባለ ኮከብ ተመረጠ። ኮከቡን የሚያየው ቴሌስኮፕ ራሱ ከኳርትዝ ተሠርቶ ከኳሶቹ መኖሪያ ጋር ተጣበቀ፤ አንድ ድንጋይ እንዲሆኑ። «ተጣበቀ» ስል ሙጫ እንዳይመስላችሁ። ሙጫ በብርድ ይሰነጠቃል፤ ከኳርትዙ በተለየ ልክም ይኮማተራል፤ ያ ደግሞ ሌላ ሰበብ ነው። እነሱ ያደረጉት ሁለቱን የኳርትዝ ፊቶች እጅግ አለስልሰው በመካከላቸው ጥቂት የአልካሊ ውህድ ማንጠብጠብ ነው። ውህዱ የሁለቱንም ፊት በስሱ ያሟሟል፤ ሲደርቅ ሞለኪውሎቹ ተሳስረው ይቀራሉ። መጋጠሚያው ራሱ መስታወት ይሆናል።

ልኬቱ ከኦገስት 2004 እስከ ኦገስት 2005 ተካሄደ። ከዚያ ሂሊየሙ አለቀ። ከዚያ ደግሞ ችግሩ ወጣ።

ኳሶቹ ከተጠበቀው በላይ እየተንገዳገዱ ነበር። ዛቢያቸው በራሳቸው አካል ላይ የሚከተለው መንገድ በየጊዜው ይለወጣል፤ ሳተላይቱ ከኮከቡ ዘንበል ሲል ደግሞ ኳሶቹ ይጠመዘዛሉ። ምክንያቱ ሲፈተሽ በኳሷና በቤቷ ገጽ ላይ ኤሌክትሪክ በእኩል አለመከፋፈሉ ተገኘ። እዚህም እዚያም ከጎረቤታቸው በጥቂቱ የሚለዩ ነጠብጣቦች አሉ። ይህ ዓይነቱ ክብነት ጎድሎ ነበር። ኳሷ በቅርጿ እስከ 40 አቶም ድረስ ክብ ናት፤ በኤሌክትሪክ ግን አባጣ ጎርባጣ። ተማሪው «ያልነቀላችሁት ሰበብ የለም ወይ?» ቢል መልሱ ይኸው ነበር። አንድ ቀርቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው የሒሳብ ሥራ ከፍቀቱ የማይተናነስ ጥበብ ነው ብዬ አምናለሁ። ኒዮቢየሙ ሲቀዘቅዝ ጥቂት መግነጢስ በየቦታው ተይዞ ይቀራል፤ መሐንዲሶቹ ያን ያህል ከረጢት የዘረጉት ይህን ለመቀነስ ነበር። የተረፈችው ጥቂት ግን ከኳሷ ጋር ስለምትዞር በስኩዊዱ መዝገብ ላይ ትሰማ ነበር። ተንታኞቹ ያቺን ድምፅ ወስደው የእያንዳንዱን ኳስ የመግነጢስ ካርታ ሠሩ፤ ኳሷ በየትኛው ጊዜ በየትኛው ጎኗ እንደነበረች በዓመቱ ሁሉ አሰሉ፤ በዚያም ጠምዛዡ ኃይል ከእውነተኛው ምልክት ተለየ። ያልተፈለገው እድፍ ምልክት በሌላት ኳስ ላይ ብቸኛው ምልክት ሆነ።

ሥራው ከአምስት ዓመት በላይ ወሰደ። በመሀሉ የናሳ ገንዘብ አለቀ። ያን ጊዜ የመዋኛ ገንዳው ሰው፣ የዊልያም ፌርባንክ ልጅ ሪቻርድ ፌርባንክ ከኪሱ አወጣ፤ የሳዑዲው የንጉሥ አብዱልዓዚዝ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ከተማም ደገፈ። ከ1962 ጀምሮ ስታንፎርድ ሆኖ ከሥራው ያልተለየው ፍራንሲስ ኤቨሪት በሜይ 2011 ውጤቱን አሳወቀ። የህዋው ጉብጠት ያመጣው ዝንባሌ 6.6018 ሰከንድ ሆኖ ተገኘ፤ ስህተቱ 0.0183። ስሌቱ ያለው 6.606 ነበር። ምድር ህዋን ይዛ መዞሯ ያመጣው ደግሞ 0.0372 ሰከንድ፣ ስህተቱ 0.0072፤ ስሌቱ ያለው 0.0392።

ቁጥሮቹን አይቶ ፊቱን የሚያዞር አለ። የመጀመሪያው ስህተት ከመቶ 0.3 እጅ ገደማ፣ የሁለተኛው 19 እጅ ገደማ ነው። ሁለተኛውን እስከ 1 ከመቶ ለማድረስ ነበር የታሰበው። ወጪው 750 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። በዚያው በ2004 ደግሞ ኢኛትሲዮ ቹፎሊኒና ኤሪኮስ ፓቭሊስ የሌጂዮስ ሳተላይቶችን ምህዋር በሌዘር ተከታትለው፣ ያለ አዲስ ሳተላይት፣ ከስሌቱ ጋር እስከ 10 ከመቶ ድረስ የሚገጥም ውጤት አሳተሙ። ወቀሳው ከባድ ነው፤ ከፊሉን እቀበላለሁ። በቁጥር ብቻ ከተመዘነ ኳሷ ተቀድማለች። ነገር ግን የሌጂዮስ ውጤት የምድርን የስበት ካርታ ማመን ይጠይቃል፤ የምድር ሞላላነት የሚያመጣው ግፊት ከተፈለገው ምልክት እጅግ ይበልጣልና በካርታው ተሰልቶ መቀነስ አለበት። የኳርትዝ ኳሶቹ ደግሞ የተሠሩት ያ የሚቀነስ ነገር ከጅምሩ እንዳይኖር ነው። ተማሪው «መሣሪያችሁ አለመሆኑን ማን ነገራችሁ?» ሲል፣ አንዱ «አስልተን ቀነስነው» ይላል፣ ሌላው «እንዳይኖር አድርገን ሠራነው፤ አንዷን ግን ስተናል፣ እሷንም ይኸው» ይላል። እኔ ሁለተኛውን መልስ አብልጬ አከብራለሁ።

ደግሞ በኳሷ ሥራ ብዙ ተማሪዎች መሳተፋቸው ይረሳል። በነዚያ አሥርተ ዓመታት ወደ 100 የሚጠጉ ወጣቶች በዚህ ሥራ ዶክትሬታቸውን ይዘዋል፤ ከ350 በላይ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች፣ የሁለተኛ ደረጃ ልጆችም ሳይቀሩ ሠርተውበታል። ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ አንዷ ሳሊ ራይድ ናት፤ ኋላ ወደ ህዋ የሄደች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆናለች። ኤሪክ ኮርኔልም እዚያ ነበር፤ በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ከወርክሾፑ የወጣው ብልሃትም በየቦታው ተበትኗል። ያ የሂሊየም ውታፍ በ1983 በአይራስ፣ በ1989 በኮቢ ሳተላይቶች ላይ ወጥቶ የሰማዩን ሙቀት ለሚለኩ መሣሪያዎች ብርድ ጠብቋል። ያለ ሙጫ ኳርትዝን ከኳርትዝ የማሰሩ ዘዴ ደግሞ ዛሬ በአሜሪካ ሁለት ቦታዎች፣ በሃንፎርድና በሊቪንግስተን ይሠራበታል። እዚያ ያሉት፣ የስበት ሞገድን የሚያደምጡት የላይጎ ጣቢያዎች መስታወቶች እያንዳንዳቸው 40 ኪሎ ይመዝናሉ፤ የተንጠለጠሉትም በቀጫጭን የመስታወት ክሮች ነው። ክሮቹ የሚያዙባቸው ትናንሽ ጆሮዎች በመስታወቱ ጎን ላይ የተያያዙት በዚያው በሚንጠባጠበው ውህድ ነው። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ከሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ግጭት የመጣው ሞገድ መስታወቶቹን ከአንድ ፕሮቶን ስፋት እጅግ ባነሰ ርቀት ሲያንቀሳቅሳቸው፣ በመስታወቱና በክሩ መካከል የነበረው ያ መጋጠሚያ ነው።